የማይ ሸውዓተ ሰባተኛ ዓይን

ልጅ ሳለሁ የማልቆጥረው ነገር አልነበረም። የአባቴን አህዮች፣ የጎረቤታችንን ጫጩቶች፣ የመስጊዱን ደረጃዎች፣ በጣራችን ቆርቆሮ ላይ የተመቱትን ምስማሮች ሳይቀር እቆጥር ነበር። እናቴ «ይቺ ልጅ አንድ ቀን ፀጉራችንን ትቆጥረዋለች» እያለች ትስቅብኝ ነበር። ዛሬ መቐለ ውስጥ ሓወልቲ አካባቢ ሲሚንቶና ብረት እሸጣለሁ፤ ከባዶ እጅ ተነሥቼ ሱቄን እዚህ ያደረስኩት በዚሁ ልማዴ ነውና አላፍርበትም። ሆኖም በዕድሜዬ ከቆጠርኩት ሁሉ ልቤን እንደዚያ ያስመታው፣ አሁንም ሳስበው ከወንበሬ የሚያስነሣኝ አንድ ቆጠራ ብቻ ነው። እሱም ከቁሓ ባሻገር ባለች አንዲት ትንሽ ወንዝ ውስጥ የቆጠርኩት የምንጭ ዓይን ነው።

ወንዟን ማይ ሸውዓተ እንላታለን፤ በትግርኛ የሰባት ውኃ እንደ ማለት ነው። እንደ ሌሎቹ ወንዞች ከሩቅ አትመጣም፤ እዚያው ከነጭ ድንጋይ ገደል ሥር ትነሣለች። ክረምት ሲገባ አትደፈርስም፣ በጋ ሲበረታም አትጠፋም። ከገደሉ ግርጌ አሸዋማ ጎድጓዳ ቦታ አለ፤ ያኔ በዚያ ጎድጓዳ ውስጥ አሸዋው በሰባት ቦታ ከሥር እየተገፋ ይጨፍር ነበር። ሰባቱ ዓይኖች የሚባሉት እነዚያ ናቸው። እኔና ታላቅ ወንድሜ ሰይድ ለሁሉም ስም አውጥተንላቸው ነበር። ትልቁ ምድጃ ላይ እንደተጣደ ገንፎ ቡልቅ ቡልቅ ስለሚል ገንፎ አልነው። ጎን ለጎን ያሉትን ሁለቱን መንትዮቹ፣ ነጭ አሸዋ የምትከናነበዋን ሙሽራ፣ ድንጋይ የምትወረውረዋን ቁጡዋ፣ ቀስ እያለ የሚወጣውን ሰነፉ አልናቸው። ሰባተኛው ከሁሉም ዳር፣ ከገደሉ ስንጥቅ አጠገብ ነበር። እሱ ዝም ብሎ ይቆይ ይቆይና ድንገት «እህ!» ብሎ አሸዋ ይተፋል፤ ስለዚህ ሳል አልነው። እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወደው ሳልን ነበር።

ወንዟ የራሷ ሥርዓት ነበራት፣ ማንም ሳይጽፈው ሁሉም የሚያውቀው። ከዓይኖቹ አፍ ለመጠጥ ይቀዳል፤ ትንሽ ዝቅ ብሎ ልጆች ይዋኛሉ፤ ከዚያ በታች ሴቶች ልብስ ያጥባሉ፤ ከሁሉም በታች አህዮችና ከብቶች ይጠጣሉ። ከዚህ ሥርዓት ውጪ የሆኑት የውኃው ባለቤቶች ብቻ ነበሩ፤ በድንጋዮቹ ሥር የሚሽሎከለኩት ትናንሽ ዓሦች፣ ቄጠማው ውስጥ የሚንጫጩት እንቁራሪቶች፣ ከቅርንጫፍ ላይ እንደ ድንጋይ ወርዳ ዓሣ ይዛ የምትነሣው ሰማያዊ ወፍ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በዓይኖቹ ዙሪያ በጎን በጎን የሚሄዱት ሸርጣኖች። ሴት ልጅ ስለሆንኩ መዋኘት አልተፈቀደልኝም። የወንዶቹን ልብስ ጭኔ ላይ ከምሬ ከገደሉ አናት ላይ እቀመጥና ቁልቁል እያየሁ እቆጥራለሁ። ውኃው እንደ መስታወት የጠራ ስለነበር ከዚያ ከፍታ ሰባቱም ሲጨፍሩ ይታዩኛል።

አባቴ ከወሎ መጥቶ ቁሓ ላይ የከተመ የጨው ነጋዴ ነበር። ቤታችን አማርኛ፣ ደጃፋችን ትግርኛ ነበር። አህዮቹ ውኃ የሚጠጡት ማይ ሸውዓተ ስለነበር አመሻሽ ላይ እኔና ሰይድ ነድተናቸው እንወርዳለን፤ ጠጥተው እስኪያርፉ ድረስ የምንቀመጠው ግን አቦይ ሓጎስ ዘንድ ነበር። አቦይ ሓጎስ ከወንዟ ዳር ጎመን፣ ቃሪያና በቆሎ የሚያለሙ ሽማግሌ ናቸው። በወጣትነታቸው ወሎ ወርደው ሠርተው ስለነበር አማርኛቸው ከአባቴ አማርኛ ጋር ይመሳሰላል፤ ሲደሰቱ ወይም ሲቆጡ ግን ሳያውቁት ወደ ትግርኛ ይመለሳሉ። ጃርት በቆሏቸውን እንዳይበላባቸው ከማሳው ጥግ የጭራሮ ዳስ ሠርተው ነበር። እዚያ ዳስ ውስጥ እፍም ላይ በቆሎ እየጠበሱ፣ ፋኖሳቸውን ግንድ ላይ ሰቅለው፣ ተረት ይነግሩናል።

የእሳቸው ተረት አጀማመር የማንንም አይመስልም ነበር። ከኪሳቸው አንድ ደረቅ የበቆሎ ፍሬ አውጥተው እፍሙ ውስጥ ይጥሉና ዝም ይላሉ። እኛም ትንፋሻችንን ዋጥ አድርገን እንጠብቃለን። ጭሱ ዓይናችንን ያቃጥለናል፣ ከውኃው የሚመጣው ቅዝቃዜ ጀርባችንን ይዳስሰናል፣ እንቁራሪቶቹ ከቄጠማው ውስጥ ይጮኻሉ። ፍሬው ጧ! ብሎ ሲፈነዳ ተረቱ ይጀምራል። ካልፈነዳ ተረት የለም፤ ተነሥተን ወደ ቤት እንሄዳለን። ያኔ ከፍርሃቴ ሁሉ የሚበልጠው ፍርሃት ያ ፍሬ ሳይፈነዳ ከስሎ እንዳይቀር ነበር።

አብዝተን የምንጠይቃቸው የሸርጣኑን ተረት ነው። በጥንት ጊዜ ውኃ ከተራራ ሥር በጨለማ ትሄድ ነበር አሉ። መውጫ ብትፈልግ ታጣለች፤ ብታንኳኳ የሚሰማት የለም። ሆዱን መሬት ላይ አጣብቆ የሚሄደው ሸርጣን ብቻ ሰማትና በመቆንጠጫው ቆፍሮ በር ከፈተላት። «ምን ልክፈልህ?» ብትለው «ምንም፤ ብቻ በረኛሽ ልሁን፣ ጀርባዬን አርጥቢልኝ» አላት። እሷም «እሺ፤ ነገር ግን ከጨለማ የወጣሁ ነኝና ደረቴ ላይ ሸክም አልወድም። ደጄ ላይ ማንም እንዳይቆም» አለችው። እንዲህ ተስማምተው ሲኖሩ እንቁራሪት መጣች። ቤቷ ጠበባት፣ ድምፅዋ ሩቅ አልሰማላት አለ። ጭቃ ደረደረች፣ ውኃዋን ከተረች፣ ትልቅ ኩሬ ሠርታ መሐሉ ላይ ቁጭ ብላ ዘፈነች። ውኃ ከተራራው ሥር ወደ ደጇ ብትመጣ አንድ ከባድ ነገር በሯ ላይ ተቀምጧል። ያ ከባድ ነገር የተከተረችው ውኃ፣ እሷው ራሷ ነበረች። ገፋች፣ ገፋች፣ ደከማትና ሌላ በር ፍለጋ ዞረች። ሸርጣኑም ጓዙን ጀርባው ላይ ጭኖ ተከተላት። እዚህ ላይ አቦይ ሓጎስ ጣቶቻቸውን ጭናቸው ላይ በጎን በጎን እያስኬዱ እያቃሰቱ ሲያሳዩን እኛ በሳቅ እንፈርሳለን። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይጨርሱታል፦ «ሸርጣን ጓዙን ተሸክሞ ካያችሁ ውኃዋም ጫማዋን እያጠለቀች ነው!»

በአንድ እሑድ ከመቐለ ከተማ የመጡ ልጆች ወደ ወንዟ ወረዱ። ዋናተኞች ነን ባዮች ነበሩ። ከመካከላቸው እጅግ ረጅም የሆነው ውኃው መሐል ገብቶ ቆመና ወደ ሰይድ ዞረ።

«እዚህ ነው የምትዋኙት? ወገቤን እንኳ አላረጠበኝም እኮ!»

«ቅልጥምህ ረጅም ስለሆነ ነው፣ አንተ ሽመላ!» አለው ሰይድ። ልጆቹ ሁሉ ሳቁ፤ ሰይድ ግን ጆሮው ቀልቶ ነበር። «በሚመጣው እሑድ ና። አናትህን ካላረጠበው ስሜ ሰይድ አይደለም። ከዚህ አለት እስከዚያ አለት፣ ውኃ ውስጥ፣ በአንድ ትንፋሽ። እንተያያለን!»

በማግሥቱ የቁሓ ልጆች በሙሉ ሥራ ላይ ነበሩ። ከዓይኖቹ ትንሽ ዝቅ ብሎ ሁለት አለቶች የሚቀራረቡበት ጉሮሮ አለ፤ እሱን ሊዘጉት ነው። ሣር የያዘ ጓል በቁራጭ በቁራጭ እየቆረጡ፣ ድንጋይ እያንከባለሉ፣ ጭቃ በእግራቸው እየረገጡ ክትር ሠሩ። ያንን ደስታ እንዴት ልንገራችሁ! ውኃው በዓይናችን እያየነው ወጣ። ጉልበት ላይ ደረሰ፣ ደረት ላይ ደረሰ፣ ከዚያ ሰይድ መሐሉ ላይ ቆሞ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ሰጠመና ጣቶቹ ብቻ ሲታዩ ሁላችንም ጮኽን። ማይ ሸውዓተ ሐይቅ ሆነች! ትልልቅ ሰዎች ሳይቀሩ ሊያዩ ወረዱ። አባቴም አህዮቹን ትቶ መጥቶ ጢሙን እያሻሸ ሳቀ። ከሁሉ የተደሰቱት ግን አቦይ ሓጎስ ነበሩ። ውኃው ከፍ በማለቱ ወደ ማሳቸው ቦይ አፍ ደርሶ ራሱ ይፈስ ጀመር፤ በባልዲ መመላለስ ቀረላቸው።

«ሰይድ ወደይ፣ ልጄ፣ እጅህ ይባረክ!» አሉት። «ውኃዋ ራሷ እግር አውጥታ ወደ ጎመኔ መጣች!»

እኔም እንደ ሁሉም ደስ ብሎኝ ነበር። ብቻ ቆጠራዬን አላቆምኩም። ከገደሉ አናት ላይ ሆኜ ወደ ጥልቁ ውኃ ስመለከት ዓይኖቹ ደብዘዝ ብለው ይታዩኛል። ገንፎ አለ፣ መንትዮቹ አሉ፣ ሙሽራ አለች፣ ቁጡዋ አለች፣ ሰነፉም እንደ ወትሮው ይጎተታል። ሳልን ጠበቅሁት። ሳል ድሮም ያስጠብቃል፤ ቢሆንም ፀሐይዋ ከጀርባዬ ወደ ፊቴ እስክትዞር ድረስ ጠብቄው አላሳለም። በማግሥቱ ስመጣ ከመንትዮቹ አንዱ ተኝቷል። የውኃው ዳር አረንጓዴ ልጋግ ይዟል፤ አህዮቻችን ሲጠጡ ከንፈራቸው ላይ አልቅት ይለጠፍባቸው ጀምሯል። ሰማያዊዋ ወፍ ቅርንጫፏ ላይ የለችም። ይህን ለሰይድ ስነግረው «አትቁጠሪ፣ ይጠፋብሻል» ብሎ ዘሎ ውኃ ውስጥ ገባ።

ቅዳሜ ጠዋት ሸርጣኑን አየሁት። በጠራራ ፀሐይ፣ በደረቅ መሬት ላይ፣ በጎን በጎን እየሄደ ነበር። ከኋላው ሌላ። ከዚያም ሌላ ሦስት። የወንዶቹን ልብስ እዚያው ጥዬ ተከተልኳቸው። ከገደሉ ጎን ያለችውን ዝቅተኛ ጉብታ ተሻግረው ወደ ማዶው ቦረቦር ወረዱ። ያ ቦረቦር ጎርፍ የበላው፣ ምንም የማይበቅልበት፣ ከብት እንኳ የማይገባበት ስንጥቅጥቅ መሬት ነበር። ከግድግዳው አንድ ቦታ ግን አፈሩ ጠቁሯል። ጠጋ ብዬ አየሁት፤ ርሷል። ሸርጣኖቹ እዚያ እርጥበት ሥር ተሰብስበዋል። ጎንበስ ብዬ ሳይ ድንገት ከጭቃው ውስጥ «እህ!» አለና ፊቴ ላይ ጭቃ ተፋብኝ።

ሳል ነበር! ጮኽኩ። ከዚያም የሚወጣው ውኃ ወዴት እንደሚሄድ አየሁ። ትንሽ ወርዶ ስንጥቁ ውስጥ ይሰርጋል፤ ለሰውም፣ ለአህያም፣ ለዓሣም ሳይሆን መሬት ይውጠዋል። ዓይኖቹ አንድ በአንድ ወደዚህ ቢዞሩ ማይ ሸውዓተ ምን ልትሆን ነው? እየሮጥኩ አቦይ ሓጎስ ማሳ ደረስኩ።

«አቦይ! አቦይ! ሸርጣኑ ጓዙን ተሸክሞ ሄደ!»

«የቱ ሸርጣን?»

«የአንቱ ሸርጣን! የተረቱ!»

ዶማቸውን ተደግፈው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «ጓለይ፣ ልጄ፣ እሱ እኮ ተረት ነው! በቆሎው እስኪበስል ብዬ እኔው ራሴ የፈጠርኩት።»

«አንቱ ከፈጠሩት ታዲያ ለሸርጣኑ ማን ነገረው?»

ሳቃቸው መሐል ላይ ቆመ። አዩኝ። ፊቴ እስካሁን ጭቃ ነበር። ተከተሉኝ፤ ቦረቦሩ ውስጥ ወርደው እጃቸውን ጭቃው ውስጥ ከተቱ፣ ከዚያም ቀና ብለው ጉብታውን፣ ቀጥሎ ደግሞ በእሱ ማዶ የሚታየውን የራሳቸውን አረንጓዴ ጎመን ተመለከቱ። «ወንድምሽን ጥሪው» አሉኝ።

ምሽት ላይ ዳሱ ውስጥ ሦስት ሆነን ተቀመጥን። እፍሙ ነበር፣ ፋኖሱም ነበር፤ የበቆሎ ፍሬ ግን ከኪስ አልወጣም። ሰይድ ለመነ። «አንድ ቀን ብቻ! ነገ ይመጣሉ። ከውድድሩ በኋላ በገዛ እጄ አፈርሰዋለሁ። አሁን ካፈረስኩት ያ ሽመላ በመቐለ ሁሉ ፈሪ ብሎ ያስወራብኛል።» አቦይ ሓጎስ እሳቱን በእንጨት ቆሰቆሱ። እሳቸውም ቦያቸው በራሱ ሲፈስ የሚያሰማውን ድምፅ እያዳመጡ እንደነበር አውቃለሁ፤ እኔም እሰማው ነበር። «ሁለት ሄደዋል» አልኩ። «ነገ ስንት እንደሚሄዱ ማን ያውቃል? የሄደውስ ይመለሳል?»

«አንቺ ደግሞ ቁጥርሽን ይዘሽ ሂጂ!» ብሎኝ ሰይድ ወጣ። ያን ምሽት ምንም ሳይወሰን ተለያየን።

እሑድ ጠዋት የከተማው ልጆች ሲመጡ ረጅሙ ልጅ ውኃውን አይቶ አፉን ያዘ። የቁሓ ልጆች በዳር በዳሩ ተሰልፈው እየጨፈሩ፣ እያፏጩ፣ «ሽመላ! ሽመላ!» እያሉ ነው። እኔ የተለመደው ቦታዬ ላይ፣ ገደሉ አናት ላይ ነኝ። ቁልቁል አየሁ። ገንፎ ብቻ ነበር የሚነቃነቀው፤ እሱም ሊተኛ እንደሚል ሰው እየተንቀራፈፈ። ትዝ አለኝ፤ ትንሽ ሳለን ሰይድ እጄን ይዞ መዳፌን ገንፎ ላይ ያስቀምጥልኝ ነበር። ውኃው ልክ እንደ ጥጃ አፍንጫ መዳፍን ይገፋል፤ እኔም በሳቅ እጄን እነጥቃለሁ። ሰይድና ረጅሙ ልጅ አለቱ ላይ ቆመው ሊዘሉ ሲሉ ባለ በሌለ ጉልበቴ ጮኽኩ።

«ሰይድ! ገንፎን ንካው!»

አንዴ ቀና ብሎ አየኝና ዘለለ። ሁለቱም ጠፉ። ውኃው ተዘጋ። እኔ ብቻ ከላይ ሆኜ አያቸዋለሁ። ረጅሙ ልጅ በቀጥታ እንደ ዓሣ ወደ ማዶ ይሄዳል። ሰይድ መጀመሪያ ቀደመው፣ መሐል ላይ ሲደርስ ግን ቆመ፤ ከዚያ ወደ ታች ጠለቀ። አሸዋው ላይ ተንበርክኮ መዳፉን ዘረጋ። መጀመሪያ ገንፎን ነካ፤ እሱም አሁን መነቃነቁን ትቷል። ከዚያ አንዴ እዚህ፣ አንዴ እዚያ፤ ሙሽራን፣ ቁጡዋን፣ መንትዮቹን ይዳስሳል። ረጅሙ ልጅ ከማዶው አለት ሥር ብቅ ብሎ እጁን አነሣ፤ ጓደኞቹ ጮኹ። ሰይድ ገና ታች ነው። በመጨረሻ ከኩሬው መሐል፣ ካሸነፈው ልጅ በስተኋላ ርቆ፣ እያለከለከ ወጣ።

«አይገፋም!» አለ። ድምፁን ገደሉ አስተጋባው። «ምንም አይገፋም!»

«ተሸንፈሃል!» አለው ረጅሙ ልጅ።

«አዎ ተሸንፌያለሁ! አሁን ና እርዳኝ!»

እየዋኘ ክትሩ ጋ ደረሰና የመጀመሪያውን ድንጋይ ነቀለ። የቁሓ ልጆች እብድ መስሏቸው ሊይዙት ሲሉ አቦይ ሓጎስ ዶማቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ብቅ አሉ። ውኃ የሚያመጣላቸውን፣ ራሳቸው የመረቁትን ክትር በዶማ መቱት። አንዴ፣ ሁለቴ። ከዚያ ረጅሙ ልጅ ምን እንደሆነ ሳይገባው ሮጦ መጥቶ ጓሉን በሁለት እጁ ይስብ ጀመር፤ ከዚያ በኋላማ የከተማውና የቁሓው ልጅ አልተለየም።

ክትሩ ሲሄድ የተሰማው ድምፅ! ውኃው እንደ ታሰረ በሬ ተፈትቶ ጉሮሮውን ሰንጥቆ ወጣ። እኛም አብረነው ሮጥን። እኔ እንኳ ከገደሉ ወርጄ፣ ጫማዬን በእጄ ይዤ፣ ሴት ልጅ መሆኔን ረስቼ ከወንዶቹ ጋር ሮጥኩ። ከታች ሴቶቹ ልብሳቸውን እየነጠቁ ይሸሻሉ፤ የአንዷ አንሶላ እንደ ባንዲራ እየተውለበለበ ሄደ፤ ስድቡና እልልታው ተደባለቀ። አህዮች ጆሮአቸውን አቁመው ፈረጠጡ። ውኃው አልፎ ሲረጋ ሜዳው ላይ ትናንሽ ዓሦች ብር ብር እያሉ ሲዘሉ አየን። ረጅሙ ልጅ ሸሚዙን አውልቆ እየለቀመ ወደ ወንዟ ይመልሳቸው ጀመር። «ሽመላ ዓሣ ይመልሳል!» ብሎ ሰይድ ሲስቅ እሱም ሳቀ። ያ ስም እስከ ሽምግልናው ድረስ አልለቀቀውም፤ ከሰይድም ጋር ሞት እስኪለያቸው ድረስ አልተለያዩም።

ወደ ዓይኖቹ ስንመለስ ግን ሳቃችን ጠፋ። ጎድጓዳው ወደ ድሮው ልኩ ወርዷል፤ አሸዋው ግን እንደ ተነጠፈ ጨርቅ ዝም ብሏል። ያ ሁሉ ልጅ በዙሪያው ተቀመጠ። ሰይድ ዓይኑን ከአሸዋው አልነቀለም። ቀኑ ዘቀዘቀ፣ የገደሉ ጥላ ወረደብን፣ አባቴ ፋኖስ ይዞ ሊፈልገን መጥቶ እሱም ሳይጠይቅ ተቀመጠ። አቦይ ሓጎስ ጭራሮ ሰብስበው እሳት አነደዱ። ከዚያም፣ ምን እንዳሰቡ አላውቅም፣ ከኪሳቸው ደረቅ የበቆሎ ፍሬ አውጥተው እፍሙ ውስጥ ጣሉ። እኔ ፍሬውን ልይ ወይስ አሸዋውን ልይ? ጧ! አለ። ቀና ብለው ተረት ሊጀምሩ አፋቸውን ሲከፍቱ በፋኖሱ ብርሃን አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ተነሣች። ተመልሳ ተቀመጠች። እንደገና ተነሣች፣ ከሷም ጋር ሌሎች። ገንፎ ቡልቅ አለ።

«አንድ!» ብዬ ጮኽኩ።

«አንድ!» አለ ያ ሁሉ ሰው፣ አባቴ ሳይቀር።

በሚቀጥሉት ቀናት ቁጡዋ መጣች፣ ሙሽራ መጣች፣ መንትዮቹ ተከታትለው ነቁ፣ ሰነፉ እንደ ስሙ ከሁሉም ዘግይቶ ደረሰ። ስድስት። ሳል ግን አልተመለሰም። አንዴ ያገኘውን በር ወድዶት እዚያው ቦረቦሩ ውስጥ ቀረ። ሰማያዊዋ ወፍ ወደ ቅርንጫፏ ተመለሰች፤ አቦይ ሓጎስም ወደ ባልዲያቸው። የሸርጣኑን ተረት ከዚያ በኋላም ነገሩን፤ ጣታቸውን በጎን በጎን ሲያስኬዱ ግን እኔን ሰረቅ አድርገው ያዩኝ ነበር።

ይህን ሁሉ እንድጽፍ ያደረገችኝ የልጅ ልጄ ሰላም ናት። በቅርቡ ከጓደኞቿ ጋር ሱቄ መጣች። ወጣቶቹ ማይ ሸውዓተን ከፕላስቲክና ከቆሻሻ አጽድተው፣ በዳሯ ዛፍ ተክለው፣ ለከተማው ሰው መዝናኛ ሊያደርጓት ተነሥተዋል። የቧንቧ ውኃ በጠፋባቸው ዓመታት ጀሪካን ይዘው የወረዱባትን ወንዝ መርሳት አልቻሉም፤ ደስ አለኝ። «ዓባየይ፣ የመዋኛ ገንዳ ልንሠራ ነው!» አለችኝ ሰላም፣ በስልኳ ላይ የሠሩትን ሥዕል እያሳየችኝ። «እነዚህን ሁለት አለቶች በግንብ እናገናኛቸዋለን። በአንድ ቀን ይሞላል! ሲሚንቶ ስጪን።»

ሥዕሉን አየሁት። ጉሮሮው ነበር። ያው ጉሮሮ።

«ሲሚንቶ ሞልቷል» አልኳት። «መጀመሪያ ግን እሑድ አብረን እንውረድ። በቆሎ ይዛችሁ ኑ።»

ጉልበቴ ከታመመ ወዲህ ወደዚያ አልወረድኩም ነበር፤ ዓይኖቹ አሁንም ስለመኖራቸው እርግጠኛ አልነበርኩም። እሑድ ወርደን ስናይ ዓሣው አለ፣ ቄጠማውም አለ፤ አሸዋው ላይ ግን የገደሉ ጥላ ወድቆበት ዓይኖቹን መለየት አቃተኝ። ወጣቶቹ እሳት አንድደው ተሰበሰቡ። ከቦርሳዬ ደረቅ የበቆሎ ፍሬ አውጥቼ እፍሙ ውስጥ ጣልኩና ዝም አልኩ። ስልካቸውን አስቀመጡ። ጧ! ሲል ጀመርኩ፤ ሸርጣኑን በጣቶቼ ሳስኬደው እነዚያ የተማሩ ልጆች ልክ እንደኛው በሳቅ ፈረሱ። ስጨርስ የሰይድን ነገርኳቸው፣ ወንድሜን፣ ነፍሱን ይማረውና። ሰላም ተነሥታ ውኃው ውስጥ ገባች። እኔ ያልተፈቀደልኝን ዋና እሷ እንደ መራመድ ታውቀዋለች። ጠለቀች። እኔም፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ ጠበቅኋት።

ፀጉሯ ፊቷ ላይ ተለጥፎ ብቅ አለች።

«ይገፋል!» ብላ ጮኸች። «ዓባየይ፣ ይገፋል! መዳፌን ገፋኝ!»

ሁሉም ልብሳቸውን እያወለቁ ዘለው ገቡ። «እዚህም አለ!» «ይኼኛው ይበልጣል!» «እኔ ጋ ሁለት ናቸው!» ይባባላሉ። ስድስቱንም አገኟቸው። ስለ ግንቡ ክርክር እንኳ አልነበረም፤ ከውኃው ሳይወጡ ገንዳውን ከወንዟ ጎን፣ ከዓይኖቹ ዝቅ ባለው ሜዳ ላይ፣ ውኃው በቦይ ገብቶ በቦይ እንዲወጣ አድርገው እንደሚሠሩት ተስማሙ። ሲሚንቶውን እሰጣቸዋለሁ።

እኔ ከዚያ ዳስ ይዤ የቀረሁት ተረቱን ብቻ አይመስለኝም። ተረቱን የፈጠሩት ሽማግሌ ራሳቸው ረስተውት ነበር፤ ጠብቆ ያቆየው የሰማው ጆሮ ነው። ወንድሜም ካሸነፈባቸው ውድድሮች ሁሉ ሰው የሚያስታውስለት የተሸነፈባትን ነው። እጅ ዘርግቶ መንካት የሚችል ሰው እስካለ ድረስ ያቺ ወንዝ ጫማዋን አታጠልቅም ብዬ አምናለሁ።

ልብሷን ለብሳ ስትጨርስ ሰላም እጄን ይዛ ጉብታዋን አሻገረችኝ። ደረቁ ቦረቦር ድሮ የማውቀው አልነበረም፤ ሾላ በቅሎበታል፣ ሥሩ ለምለም ነው፣ ወፍ ይንጫጫበታል። ከግድግዳው ሥር፣ ሸርጣኖቹ መሐል፣ ተቀመጥን። ጠበቅን። ሰላም ልትናገር ስትል እጄን አፏ ላይ አደረግሁ። ጠበቅን።

«እህ!»

ሁለታችንም ዘለን ተነሣን።

«ሰባት!» አለች ሰላም፣ ፊቷን እየጠረገች። እኔ ግን ቀድሜያት ቆጥሬው ነበር።